የሰው ቁስል

አንዲት ምላሰኛ ጌሾ ነጋዴ ሆዷን ኦፕራሲዮን ተደርጋ ተኝታለች፤ የተሰፋችበት ክር ገና አልወጣላትም። ያከማት ዶክተር ኃይለልዑል በስሙ ለሚያሠራው ሕንፃ መዋጮ የሚለምን ጉረኛ ነበር። አንድ ጠዋት ባለሀብቶች አስከትሎ አልጋዋ ዘንድ መጣና፣ ሳያስፈቅዳት ብርድ ልብሷን ገልጦ ስፌቱን አሳያቸው።

«ይህችን ከሞት አፋፍ የመለስኳት እኔ ነኝ» አላቸው። ከዚያም ወደ እሷ ዞሮ፣ «በይ እማማ፣ ውለታ የሚያውቅ ሰው ባዶ እጁን አይሄድም። እነዚህ ጌቶች እየሰሙሽ፣ ለሕንፃው ምን ትሰጫለሽ? ክሩንም ነገ የማወጣልሽ እኔው ነኝ» አላት።

ሴትዮዋ ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጎትታ እንዲህ አለችው፦

«ዶክተር፣ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ለማኝ በስንት ጣዕሙ! እሱ እንኳ የሚለምነው የራሱን ቁስል ገልጦ ነው።»