ኒሻኑን የላከው ፓሻ

ካይሮ ውስጥ ሹማምንቱ መልካቸውን በዘይት ቀለም አስለው ሳሎን መስቀልን እንደ ሁለተኛ ሹመት በቆጠሩበት ዘመን፣ ሙንዚር ፓሻ የሚባል ጉረኛ ሹም ምላሱ ምላጭ የሆነ አንድ ድሃ ሠዓሊ አስጠርቶ «ሳለኝ» አለው። «እንግዲያው ይቀመጡልኝ» ቢለው ግን «እኔ እንዳንተ ሥራ ፈት መሰልኩህ?» ብሎ የማዕረግ ልብሱን፣ ቀይ ቆቡንና ኒሻኖቹን በእንጨት ላይ ሰቅሎ ሰደደለት። ሠዓሊው «ኧረ ፊትዎን ልየው» እያለ ሦስት ጊዜ ላከበት፤ ሦስቱንም ጊዜ የመጣለት ተጨማሪ ኒሻን ነበር።

በአርባኛው ቀን ሥዕሉን አምጥቶ በማለዳ ከፓሻው መሥሪያ ቤት ደጃፍ አቆመው። ቀትር ላይ ፓሻው እንግዶቹን አስከትሎ ብቅ ሲል ልብሱ፣ ቆቡ፣ ኒሻኑ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ተስሏል፤ የፊቱ ቦታ ግን ባዶ ሸራ ነው።

«አንተ ባለጌ! ፊቴ የታለ? ያለ ፊት ይሄ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል? መልስ ካጣህ ሃምሳ ጅራፍ ትቀምሳለህ!» ብሎ አንባረቀ።

ሠዓሊው ብሩሹን እየጠራረገ፣ «ጌታዬ፣ ከማለዳ ጀምሮ እዚሁ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ጸሐፊዎችዎ በሙሉ ጎንበስ ብለው እጅ እየነሱት ገብተዋል። ፊት እንደሌለው ያስተዋሉ የመጀመሪያው ሰው እርስዎ ነዎት» አለው።