የጆንያ በር ያለው የእንጨት ሥራ ቤት

አንድ ጊዜ ምስጥ የአንዲት አህያ የቤት በር ከውስጥ ከውስጥ ሲበላ ከርሞ፣ ማለዳ ልትወጣ ገፋ ስታደርገው በሩ ተንኮታኩቶ እግሯ ሥር ወደቀ። ቤቷ ጅብ ከሚመላለስበት ሸለቆ አፋፍ ላይ ነበር። አህያዋ ፍርስራሹን አየች፤ ቀና ብላ ፀሐይዋን አየች፤ ጆሮዎቿ ቀጥ ብለው ቆሙ።

ደግነቱ ለአልጋ ብላ ያስቀመጠችው የዝግባ ሳንቃ ነበራት። መጋዝ፣ መዶሻና ሚስማርም አላት። ለአንድ በር ይህ ይበቃል። እስከዚያው መግቢያው ላይ ጆንያ ሰቀለችና ሳንቃውን መሬት ላይ ዘርግታ መለካት ጀመረች።

ይህን ጊዜ ጎረቤቷ ቀበሮ ብቅ አለ። ቀበሮ ያገለገሉ የአናጢ ዕቃዎችን እየሰበሰበ የሚሸጥ ነጋዴ ነው።

«ምን ልትሠሪ ነው፣ እህት ዓለም?»

«በር ነዋ፣ አያ ቀበሮ። ሳይመሽ ልግጠመው ብዬ።»

«መሬት ላይ ተንበርክከሽ?» ቀበሮ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ራሱን ነቀነቀ። «እንዲህ ያለ ዝግባ መሬት ላይ ይቆረጣል? አናጢ ከሁሉ በፊት ባንኮ ይኖረዋል፤ ቆሞ የሚሠራበት ጠንካራ ጠረጴዛ። ያለ ባንኮ የተሠራ በር ይጣመማል። የተጣመመ በር ክፍተት አለው። ክፍተት ካለው ደግሞ…» አለና ጥርሱን ቀጭ አደረገ።

አህያ ደነገጠች። «ታዲያ ባንኮውን በምን ልሥራው?»

«ሳንቃው ተቀምጦ!»

«እሱ የበሩ ነው እኮ።»

«አንቺ ደግሞ! ባንኮ ካለሽ ስንት በር ትሠሪያለሽ፤ ለራስሽ፣ ለጎረቤት፣ ለገበያ። ከእንግዲህ ሸክም ቀረልሽ ማለት ነው።»

ቀበሮ ይህች ቃል አህያን የት ላይ እንደምትነካት ያውቃል። አህያ የሳንቃዎቹን ጫፍ ለእግር ቆረጠች፤ የቀረውን አጋጥማ መታችው። ሲመሽ ባንኮ ነበራት፤ በር ግን አልነበራትም።

ጨለም ሲል ጆንያው በነፋስ ተነፋ፤ ረገበ፤ እንደገና ተነፋ። አህያ ባንኮዋ ሥር ገብታ ትንፋሿን ዋጠች። ውጭ የሚያነክስ ኮቴ ተሰማ፤ ቆመ። ደግነቱ አዲስ የተቆረጠው ዝግባ ሽታ የእሷን ሽታ ሸፍኖታል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ ጅብ ለራሱ። «ጆንያ! ጆንያ ካለ ጤፍ አለ። ጤፍ ደግሞ ጥርሴ ውስጥ እየገባ ያስቸግረኛል።» እየተነጫነጨም ወደ ሸለቆው ወረደ።

በማግስቱ አህያ ቀበሮ ዘንድ ሮጠች። «ጅብ መጥቶ ነበር! ደጄ ላይ ቆሞ ነበር! ሳንቃ ስጠኝ፣ አያ ቀበሮ።»

«ጆንያው መለሰው አይደል? እንግዲያስ ጊዜ አለሽ። ሳንቃ የትም አይሄድም፤ ዕቃ ነው የሚያልቀው። ይልቅ ይህችን መላጊያ ተመልከቻት፤ በእጅሽ ያዣት እስቲ። ገንዘብ አልፈልግም፤ ጭነቴን ገበያ ካደረስሽልኝ ይበቃኛል።»

አህያ መላጊያዋን ይዛ ገባች። ከዚያ መሮ መጣ፣ ከዚያ መሰርሰሪያ፣ ከዚያ እንጨት ጨምቆ የሚይዝ ሞርሳ። ለያንዳንዱ ዕቃ ቀበሮ ጎን ለጎን የሚነግደውን ጨው ተሸክማ ዳገት ወጣች። ከሸክም እገላገላለሁ ያለችው እንደዚያ ዘመን ተሸክማ አታውቅም። ማታ ማታ ደክሟት ስትመለስ ዕቃውን በየሚስማሩ ትሰቅላለች፤ አንድ ጆሮዋ ግን ሁልጊዜ ጆንያው ላይ ነው። ግድግዳዋ ሞላ። መግቢያዋ እንደ ተከፈተ ነው።

በመጨረሻ ቀበሮ አንድ ማሰሮ አመጣላት። «በሚስማር ብቻ የተሠራ በር ይንቋቋል። ይህ ኮላ ነው፤ ከቆዳ ተቀቅሎ የወጣ ማጣበቂያ። ሞቅ አድርገሽ ትቀቢዋለሽ። ሳንቃውን ነገ አመጣልሻለሁ።»

አህያ ልትሞክረው ማሰሮውን እሳት ላይ ጣደችው። ኮላው ተንተከተከ፤ ሽታው የዝግባውን ሽታ አሸንፎ በጆንያው በኩል ወጣ፤ ወደ ሸለቆው ወረደ።

ኮቴው በዚህ ጊዜ እየሮጠ መጣ።

«እንዴ!» አለ ጅብ። «ጤፍ ከመቼ ወዲህ ነው ቆዳ ቆዳ የሚሸተው? ቤቶች!» ሊያንኳኳ እጁን ሰነዘረ፤ እጁ ጆንያው ውስጥ ሰመጠ። «ጆንያ ደግሞ እንዴት ነው የሚንኳኳው?»

አህያ ወደ ግድግዳዋ ዞረች። መላጊያው አለ፣ መሮው አለ፣ መሰርሰሪያው አለ፤ ሁሉም ተወልውሎ በቦታው ተሰቅሏል። አንዱም በር አልነበረም።

ያን ጊዜ ዓይኗ ባንኮው ላይ አረፈ። በጀርባዋ ገልብጣ መግቢያው ላይ አቆመችውና በቂጧ ተደገፈችው። የበሩ ሳንቃ ነበርና ወርዱ ልክክ አለ። ከላይ ግን ለእግር የተቆረጠችዋን ያህል ክፍተት ቀረ፤ በዚያች ክፍተት የጅብ አፍንጫ ገባ።

«እመት አህያ፣ አንቺ ነሽ? ምን እየቀቀልሽ ነው?»

«እራቴን ነው» አለች።

«አንዲት ጉርሻ ብትሰጪኝ እኮ እሄዳለሁ።» ይህን ሲል በእጁ ባንኮውን ይገፋል።

ማሰሮው አጠገቧ ነበር። የማሰሮውን ጆሮ በጥርሷ ነክሳ አነሳችውና፣ ጅብ በክፍተቷ አፉን ከፍቶ ሲጠብቅ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር አፉ ውስጥ ገለበጠችበት። አቃጠለው። ጅብ ግን አፉ የገባ ነገር ተፍቶ አያውቅም፤ እንዳይፈስበት ብሎ መንጋጋውን ግጥም አደረገ። ኮላ ደግሞ የሚይዘው ጠበቅ ሲያደርጉት ነው።

«እምም!» አለ ጅብ። «እምምም!» እያለ አፉን በሁለት እጁ ይዞ ቁልቁል ወረደ።

ጠዋት ቀበሮ ሌላ ዕቃ አንጠልጥሎ ሲመጣ አህያ የባንኮውን እግር ነቅላ ሳንቃውን ዘርግታ፣ መሬት ላይ ተንበርክካ የላይኛዋን ክፍተት በቁራጭ እንጨት ትደፍን ነበር።

«ባንኮሽ የት ሄደ፣ እህት ዓለም?»

«ቦታው ተመለሰ።»

«እኔ እኮ ዛሬ ትንሽ ጭነት…»

አህያ ተነሥታ በሩን መግቢያው ላይ ገጠመችውና ገብታ ፊቱ ላይ ዘጋችው። «አንኳኳ እስቲ፣ አያ ቀበሮ» አለች ከውስጥ፤ «ድምፁን ልስማው።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሥራ ቤት የሚሟላው የያዝነው ሥራ በሚጠይቀው ልክ እንጂ ዕቃ ሻጩ በሚመክረን ልክ አለመሆኑን ነው።