ግራሩ ሥር ስድስት ሰዓት

አንድ አባት ነበሩ፤ ከአዋሽ ወዲህ፣ በጅቡቲው መንገድ ዳር የሚኖሩ። ልጃቸው ማንያዘዋል የተሳቢ መኪና ሾፌር ነው። እናቱ ስታርፍ ወደብ ላይ ጭነት እየጠበቀ ነበርና ለቀብሯ አልደረሰም። ከዚያ በኋላ አፈረ። ሁለት ዓመት ሙሉ በአባቱ ደጅ ሽው ብሎ ያልፋል እንጂ አይቆምም።

እኛስ ስናጠፋ እንዲሁ አይደለንም? የምንሸሸው የምንወደውን ሰው ደጅ ነው።

አንድ ቀን ግን አላስችል አለው። አባቱ ስልክ የላቸውምና ሻይ ለምትሸጠው ጎረቤታቸው ለዘርትሁን መልእክት ላከላት። «ለአባዬ ንገሪልኝ። ሐሙስ በሦስት ሰዓት አልፋለሁ። ይቅር ካሉኝ ደጃችን ያለው ግራር ሥር ይቁሙልኝ። ካላየኋቸው አላስቸግራቸውም፤ መንገዴን እቀጥላለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ሽማግሌው ጋቢያቸውን አጣፍተው ግራሩ ሥር ተገኙ። ሦስት ሆነ። አራት ሆነ። መኪናው ሁሉ ያልፋል፤ ልጅ የለም።

ወገኖቼ፣ ልጁ አልዋሸም። ብዙ ዘመን በወደብ ሰዓት ኖሯል። እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፤ እዚያ ከእኩለ ሌሊትና ከእኩለ ቀን ይቆጥራሉ። የእሱ ሦስት ሰዓት ከቀትር በኋላ ያለው ነው፤ የእኛ ዘጠኝ። ፀሐይዋ አንዲት፣ ቆጠራው ሁለት። ይህን ግን ማን ለአባትየው ይንገራቸው?

እኩለ ቀን ሲሆን ዘርትሁን አንጀቷ አልችል አላት። ልጁ ሐሳቡን ቀይሮ ይሆናል፣ ፀሐይ ሳትመታዎት ይግቡ ብላ ለመነቻቸው። አልሰሟትም። ጥላው ሲዞር የተቀመጡበትን ድንጋይ እየጎተቱ አብረውት ዞሩ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሳቢው ብቅ አለ፤ ቆመም። ማንያዘዋል ወርዶ እግራቸው ላይ ወደቀ። በሰዓቱ የደረሰ መስሎታል። ዘርትሁን ከጠዋት ጀምሮ እንደጠበቁት ስትነግረው ነው ስሕተቱ የገባው። ያን ጊዜ አለቀሰ።

«አባዬ፣ ስዘገይብዎት ለምን አልገቡም?»

«ልጄ፣ አይመጣም ከምል ሰዓቴ ተሳስቷል ብል ይሻለኛል።»

ሰማችሁ? ባላችሁ ሲዘገይ፣ እህታችሁ ሳትደውል ስትቀር፣ የማንን ሰዓት ነው የምትከሱት? እኔ የራሴን ልናገር፤ ሩብ ሰዓት አልታገሥም። «ንቆኝ ነው» ለማለት ማንም አይቀድመኝም። ያ ሰው ቀኑን ከሌላ ቦታ ጀምሮ እየቆጠረ፣ ወደ እኔ እየገሰገሰ ሊሆን እንደሚችል አስቤ አላውቅም።

ደግሞም እዚህ ከመካከላችሁ «እኔ ጊዜዬ አልፏል፤ እግዚአብሔርም እስካሁን ገብቷል» የሚል አለ። ማን እንደሆነ አላውቅም፤ እሱ ራሱን ያውቃል። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አልገባም። እዚያው ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ። በደጁ ሽው ብላችሁ አትለፉ፤ ዛሬ ፍሬን ያዙና ውረዱ።