የሚሻለውን ለመለየት

አንድ ንጉሥ ነበረ። በአገሩ ሁለት የዱር ተክሎች ከአንድ ኮረብታ በቀር የትም አይገኙም ነበር፤ አንዱ የዱር ሽምብራ፣ ሌላው የዱር ጓያ። በሌላው ቦታ እርሻ በልቷቸዋል። በዚያ ዘመን የገበሬው ሽምብራና ጓያ ሳያብብ እየደረቀ ያልቅ ጀመር፤ በሽታው ያልነካቸው እነዚህ ሁለቱ ብቻ ነበሩ።

ማሳዋ ሦስት ዓመት ባዶውን የከረመባት ይርገዱ የምትባል ገበሬ ወደ ንጉሡ መጣች። ኮረብታው ከከብት እንዲታጠር፣ ከሁለቱም እፍኝ እፍኝ ዘር እንዲሰጣትና ጓሮዋ ዘርታ እንድታላምዳቸው ለመነች። ንጉሡ ግን አንዱ በኮረብታው ወዲህ፣ ሌላው በወዲያ ጎን ነውና ለሁለቱ የሚበቃ ጠባቂ የለኝም አለ። የሚሻለውን እንዲለይ አንድ ሊቅ አዘዘ፤ ፍርዱ እስኪሰጥም ማንም ኮረብታው ዘንድ ዝር እንዳይል ከለከለ።

ሊቁ ትጉህ ነበር። ምነው ሰነፍ በሆነ ኖሮ! የማን ሥር ይረዝማል ብሎ ነቀለ፤ ለካ። የማን ቅጠል ይበዛል ብሎ ሸመጠጠ፤ ቆጠረ። የማን ፍሬ ይጣፍጣል ሲባል ቆልቶ ለመኳንንቱ አቀረበ። መኳንንቱ አልተስማሙምና ዳግመኛ ተቆላ።

በሁለተኛው ዓመት ይርገዱ ከኮረብታው ግርጌ ጠብቃ አገኘችው።

«መምህር፣ እየመነመኑ ነው። ዳኝነቱ ይቅርና ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይትረፍልን» አለችው።

«የሚሻለውን ሳናውቅ ምኑን እናድናለን? ታገሺ» አላት።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ተረት እሱም ያውቀዋል፤ እንዲያውም ያስተምረው ነበር።

በአራተኛው ዓመት ሊቁ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ቀረበ፤ ሽምብራው በጥቂቱ ይበልጣል ሲል ፈረደ። ንጉሡ ዐዋጅ አስነግሮ ጠባቂ ላከ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ጠባቂዎቹ ሣርና ድንጋይ አገኙ፤ ሽምብራውም የለም፣ ጓያውም የለም።

ንጉሡ አፍሮ ይርገዱን አስጠራትና የሁለቱም ነገር አንድ ሳይቀር ተጽፏል ብሎ መጽሐፉን ሰጣት። እሷም ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችው።

«ጃንሆይ፣ ይህ ሲዘሩት ይበቅላል?» አለች።

በዚያው በጋ ቤቷን ዘግታ ተሰደደች፤ የት እንደደረሰች አልተሰማም።

ወገኖቼ፣ የሚጠፉ ሁለት ነገሮችን ማወዳደር ማዳን አይደለም። ስናማርጥ የምናባክነው ጊዜ የሚቀነሰው ከእነሱ ዕድሜ ላይ ነው። መጨረሻው ላይ አንዲት ፍሬ ከድንጋይ ሥር ተገኘች ብዬ ላጽናናችሁ አሰብኩ፤ ነገር ግን አልተገኘችም። እናንተስ፣ የትኛው ይሻላል እያላችሁ ዛሬ በገዛ እጃችሁ የምትነቅሉት ምንድን ነው?