ከየት ነው የምትቆጥሩት?

አንዲት የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መምህርት ነበረች። ከተማሪዎቿ አንዷ ትብለጥ የምትባል ዓይነ ስውር ልጅ ናት።

ትብለጥ ሌላውን ትምህርት በጆሮዋ ትይዘዋለች። የግራፍ ትምህርት ሲመጣ ግን ጭንቅ ሆነ። ግራፍ በጆሮ እንዴት ይያዛል? ሌሎቹ ከሰሌዳው ላይ ይገለብጣሉ፤ እሷ እጇን አጣጥፋ ትቀመጣለች።

አባቷ አቶ ደምለው ይህን ሰምተው መጡ። "መምህርት፣ ልጄን ልወስዳት ነው። እዚህ ከምትሳቀቅ ቤቷ ትሁን" አሉ።

"እስከ ሳምንት ይታገሡኝ" አለቻቸው።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ጣውላ ፈልጋ ሚስማር በረድፍ በረድፍ መታችበት። መሐሉ ላይ ሁለት ወፍራም ክር ወጠረች፤ አንዱ አግድም፣ አንዱ ቁም። የልጅቷን ጣት ይዛ ክሮቹ የሚገናኙበት ላይ አሳረፈችው።

"ይሄ መነሻ ነጥብ ነው፤ ዜሮ፣ ዜሮ። የመጀመሪያው ቁጥር ወደ ጎን ይወስድሻል፤ ኔጋቲቭ ከሆነ ወደ ግራ። ሁለተኛው ወደ ላይ ወይ ወደ ታች። ነጥቡን ስታገኚ ሚስማሩ ላይ ላስቲክ አጥልቂ።"

"ሦስት፣ ሁለት" አለች መምህርቷ። ትብለጥ ሦስት ወደ ቀኝ፣ ሁለት ወደ ላይ ቆጥራ አጠለቀች። ልክ ነበረች! ሁለተኛውን ሳተች። በሦስተኛው ጭራሽ ከጣውላው ወጣች።

"ተይው ቲቸር፤ አባዬ እውነቱን ነው" ብላ አለቀሰች።

መምህርቷ አልተቆጣችም። እጇን በልጅቷ እጅ ላይ አድርጋ "እስቲ ድገሚው፣ ልከተልሽ" አለቻት። ያኔ ስሕተቱ ለመምህርቷ ገባት።

"አቆጣጠርሽ ልክ ነው የኔ ልጅ። ግን ከየት ነው የምትጀምሪው?"

"ካቆምኩበት ነዋ!"

"አይደለም። ለእያንዳንዱ ነጥብ ወደ መነሻው ተመለሺ። ያለፈውን ብትስቺም የሚቀጥለውን አያበላሽብሽም።"

በሳምንቱ አቶ ደምለው መጡ። ልጃቸው ሦስት ነጥብ አግኝታ፣ በክር አያይዛ ጣውላውን ሰጠቻቸው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ዳሰሱት። ክሩን ተከትለው ዞሩ፣ ዞሩ፣ ከጀመሩበት ደረሱ።

"ሦስት ማዕዘን ነው አባዬ" አለቻቸው።

ዓይናቸውን ገለጡ። "በይ፣ ነገ ክፍል እንዳታረፍጂ" አሏት።

ወገኖቼ፣ እናንተስ ከየት ነው የምትቆጥሩት?

ባል ጠዋት ሲነሣ ትናንት ማታ ከተጣላበት ይጀምራል። ሚስት ካኮረፈችበት ትቀጥላለች። አንዱ "አንዴ ወድቄያለሁ" ብሎ ከወደቀበት ላይ ሌላ ውድቀት ይቆጥራል። እንዲህ እየቆጠርን የት እንደርሳለን? ስሕተት በስሕተት ላይ እየጨመርን ከጣውላው አልወጣንም?

የእግዚአብሔር ምሕረት ግን ከቦታው አይንቀሳቀስም። ብንስትም እዚያው ነው፤ ደጋግመን ብንስትም እዚያው ነው። ንስሐ ማለት ሌላ አይደለም፤ ወደ መነሻው መመለስ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ያኮረፋችሁት ሰው ይኖራል። እሱ እስኪናገር አትጠብቁ። ቀድማችሁ "እንዴት ዋልክ?" በሉት።