የእመት አህዪት የብረት በር

አንድ ጊዜ እመት አህዪት ከእናቷ የወረሰችውን የገጠር ቤት ልታድስ ተነሣች። የጓሮውን ግድግዳ ምስጥ በልቶት ስለነበር አፈረሰችው፤ እንጨትና ጭቃ እንዲገባላትም ከኋላ ያለውን የእሾህ አጥር አነሣችው። ሌላ ማደሪያ ስላልነበራት ከአንድያ ውርንጭላዋ ጋር እዚያው ሰነበተች። ጭንቀቷ አንድ ብቻ ነበር፦ አያ ጅቦ መጥቶ ልጇን እንዳይበላባት።

አዋቂ ማማከር ደግ ነው ብላ ቀበሮን አስጠራች። ቀበሮ ስለ ቤት ጥበቃ ብዙ ያውቃል፤ ያልገባበት የዶሮ ቤት የለምና። ግቢውን ዞሮ አየ፤ የጓሮውን ክፍተት አይቶ እንዳላየ አለፈና፣ ለእርሷ ዓይነቷ እመቤት የሚመጥናት ማንም የማይገባበት ጠንካራ የብረት በር መሆኑን ነገራት። በሩን ሊያመጣላት፣ ዶሮዎቿንም እድሳቱ እስኪያልቅ በአደራ ሊያስቀምጥላት ተስማሙ። ዶሮዎቹ በደንብ ተቀመጡ፤ ከዚያ ወዲህ ያያቸው የለም።

የደቦው ቀን ደረሰ። ጎረቤቶች የጓሮውን ግድግዳ ሊያቆሙላትና ሊመርጉላት ጭድ ተሸክመው መጡ። እመት አህዪት ግን ግድግዳው ለሚቀጥለው ደቦ ይቆይ ብላ ሁሉንም በር ማቆም ላይ አሰማራቻቸው። ከጎረቤቶቹ አንዱ የሆነው በሬ ግራ ገባው።

«እመት፣ ኋላሽ እኮ ሜዳ ነው» አላት።

«ኋላዬን ማን ያየዋል? እንግዳ የሚመጣው በፊት ለፊት ነው» አለችው።

በሩ ቆመ። መወርወሪያው ሁለት በሬ ካልገፋው ንቅንቅ አይልም፤ እርሷ ራሷ እንኳ የምትወጣና የምትገባው በጓሮ ነበር። ቢሆንም በሩን ጠዋት ማታ ትወለውለዋለች።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል አያ ጅቦ መጣ። በሩን ነከሰና ጥርሱን ሰበረ። ትንሽ አረፈና እንደገና ነከሰው። ዞር ብሎ ማየት የሚባል ነገር አልፈጠረበትምና ተስፋ ቆርጦ ሊሄድ ተነሣ። እመት አህዪት ዝም ብትል ነገሩ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ግን እንዲህ ያለ በር አቁሞ ዝም ማለት እንዴት ይቻላል?

«ምነው ደከምህ፣ አያ ጅቦ?» አለችው ከውስጥ።

«በሩ ጠንካራ ነው፣ እመት። ቤቱም እንዲሁ ነው?»

«ቤቱማ ገና ነው። የጓሮው ግድግዳ የሚቆመው በሚቀጥለው ደቦ ነው» አለች፤ ስለ እድሳቷ የጠየቃት ሁሉ ደስ ያሰኛታል።

ጅብ ቆሞ አሰበ። ማሰብ ስላልለመደ ጊዜ ወሰደበት። ከዚያም በአጥሩ ጥግ ዞረ።

እመት አህዪት ኮቴውን ከኋላዋ ስትሰማ ክው አለች። ወደ በሩ ሮጣ መወርወሪያውን በጥርሷም በግንባሯም ገፋችው፤ ቀበሮ እንዳለው በእርግጥም ጠንካራ ነበር። ያን ጊዜ ስለ በሩ መጨነቅ ተወች። ውርንጭላዋን በአፍንጫዋ ወደ ጓሮው ገፍታ «በክፍተቱ ውጣ፣ ልጄ» አለችውና እርሷ ጅቡ ፊት ቆመች። ጅብም እንደ ልማዱ የሚበልጠውን ሥጋ መረጠ። ውርንጭላው እያለቀሰ በጓሮ አመለጠ።

በማግስቱ ቀበሮ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። በሩን ከላይ እስከ ታች መረመረው።

«እንዳልኩት ነው፤ በዚህ በር ማንም አልገባም» አለ።

ከዚያም ወደ ፍየል ቤት አመራ። ፍየልም ቤቷን ልታድስ ነው ሲባል ሰምቶ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ ጓሯችንን ከፍተን በራችንን ብናጠነክር፣ በሩ መውጫ የሚያሳጣው ጠላትን ሳይሆን እኛኑ መሆኑን ነው።