የአዲሱ ጉድጓድ የመጀመሪያ ጣሳ

በአንድ ወቅት፣ ጉልበቴ እንዲህ ሳይዝል፣ በአንድ ሐይቅ ዳር በሚገኝ የውሃ ምርምር ተቋም ውስጥ ሾፌር ነበርኩ፤ በላቸው እባላለሁ። ይህን ታሪክ ስንት ቦታ እንዳወራሁት አላስታውስም። ባወራሁበት ሁሉ ሰው ተከራክሮ፣ ተኮራርፎ ነው የሚለያየው። እኔ መከራከሩ ሰልችቶኛል። እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱን እናንተ ስጡ።

ተቋሙን የሚረዳው ከከተማው በላይ ያለው የቆዳ ፋብሪካ ነበር። የላቦራቶሪው ማሽን የእሱ ስጦታ፣ የምነዳት መኪና የእሱ ስጦታ፣ ነዳጇም ከእሱ ነው። ፋብሪካው በምላሹ ዋሹልኝ ብሎ አያውቅም፤ ይህን መመስከር አለብኝ። የጠየቀው፣ ማንኛውም ሪፖርት ከመውጣቱ በፊት ረቂቁን አስቀድሞ እንዲያየው ብቻ ነው። ረቂቁን ወስጄ የማመጣውም እኔ ነኝ። ሲመለስ አንድም ቁጥር አይነካም፤ መጨረሻው ላይ ግን «ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተጨምሮበት ይመጣል። ተጨማሪ ጥናት የሚያስፈልገው ሪፖርት ደግሞ አይታተምም። እንዲህ እያልን ስድስት ዓመት አጠናን።

ከፋብሪካው በታች፣ ወንዙ ዳር፣ ጨፌ የምትባል መንደር አለች። ሰዎቿ የሚጠጡት ከወንዙ አጠገብ ከተቆፈረ ጉድጓድ ነበር። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘነቡ ትባላለች። በአራተኛው ዓመት የስምንት ዓመት ልጇ ሆዷን እያመማት፣ ቆዳዋም እየቆሰለ ቆይታ ሞተች። ውሃው ይሁን ሌላ በሽታ፣ እርግጡን የነገራት የለም። ሊነግራት ይችል የነበረው ሪፖርት ተጨማሪ ጥናት ላይ ነበር።

በተቋሙ ውስጥ ነገሩን በደንብ የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናቸው።

አንደኛዋ ኬሚስቷ እልፍነሽ ናት። ስድስተኛው ረቂቋ ያችኑ ዓረፍተ ነገር ይዞ ሲመለስላት፣ ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ወንበሯ ላይ አንጠልጥላ ወጣች። በማግስቱ በሕዝብ መኪና ጨፌ ሄዳ፣ መንደርተኛውን ሰብስባ ቁጥሩን አነበበችላቸው። ቆዳ የሚለፋበት ክሮም የተባለው ኬሚካል ጉድጓዳቸው ውስጥ ከሚፈቀደው በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ ነገረቻቸው። ያንኑ ዕለት ጉድጓዱን በእሾህ አጠሩት። ከዚያ ወዲያ ሴቶቹ ደርሶ መልስ አራት ሰዓት እየተጓዙ ከሩቅ ምንጭ ይቀዱ ጀመር፤ በዚያ መንገድ እንስራ ተሸክማ ያስወረዳትም አለች። ፋብሪካው ፈጠራ ነው አለ። የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ማኅተም የሌለው ወረቀት አልቀበልም ብሎ መለሳት። እልፍነሽ ሥራዋን አጣች፣ ሌላ ተቋምም አልቀጠራትም።

ሁለተኛው ናሙና ቀጂው ይርዳው ነው። እኛ ዘንድ ናሙና በሁለት ጠርሙስ ነው የሚቀዳው። አንዱ ይመረመራል፤ ሌላው ለመጠባበቂያ ይቀመጥና የምርመራው ውጤት ሲወጣ ይደፋል። ይርዳው ድፋ ሲባል እሺ ይላል፣ «ተደፍቷል» ብሎ ይፈርማል፣ ከዚያ ጠርሙሱን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ቤቱ ይወስደዋል። ቀን የተጻፈባቸው የታሸጉ ጠርሙሶች አልጋው ሥር ተደርድረው ስድስት ዓመት ኖሩ። ምን እንደሆኑ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም። የዘነቡ ልጅ ስትሞት አብረን ለቅሶ ደረስን፤ ስለ ጠርሙሶቹ ሳያነሳ ተመለሰ። እልፍነሽን ውሸታም ሲሏት ግን አላስቻለውም። ጠርሙሶቹን በሦስት ካርቶን አድርጎ መኪናዬ ላይ ጫነና የዳይሬክተሩ ቢሮ አስገባቸው።

«እኔ አምስት ልጅ አለኝ፣ መናገር አልችልም። እነዚህ ይናገሩ» አለ። ከዚያ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሦስተኛው ዳይሬክተሩ ዶክተር ላቀው ናቸው። ስድስቱንም ሪፖርት «ይቆይ» ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ፋብሪካው ቢያኮርፍ ማሽኑ እንደሚቆም፣ ሠራተኛውም እንደሚበተን ያውቁ ነበር፤ ፊታቸው ከዓመት ዓመት ሲገረጣ አይቻለሁ። ጠርሙሶቹ ሲደርሷቸው ለጋዜጣ አልሰጡም፣ ለመንግሥትም አላመለከቱም። ካርቶኖቹን አስጭነው በቀጥታ ወደ ፋብሪካው አስነዱኝ። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ግማሽ ቀን ጠበቅኋቸው። ሲወጡ ካርቶኖቹ የሉም፣ በእጃቸው ግን የተፈረመ ስምምነት ነበር። ፋብሪካው ለጨፌ ጥልቅ ጉድጓድ ያስቆፍራል። ሪፖርቱ ይታተማል፣ ግን የብክለቱ ምንጭ አልታወቀም ይላል። ጠርሙሶቹም እዚያው ይቀራሉ።

መንገድ ላይ ሳልጠይቃቸው፣ «በላቸው፣ ሰው የሚጠማው ውሃ ነው እንጂ ሪፖርት አይደለም» አሉኝ።

ከጨፌ በታች ሌሎች ሁለት መንደሮች ከዚያው ወንዝ ይጠጣሉ። ስምምነቱ ላይ ስለ እነሱ ምንም አልተጻፈም። እኔም አላነሳሁባቸውም።

ጉድጓዱ በሦስት ወር ተቆፍሮ አለቀ። በጨፌ ልማድ፣ አዲስ ጉድጓድ ሲከፈት የመጀመሪያውን ጣሳ የመንደሩ ሰው አይጠጣም። ለውሃው ምክንያት ለሆነው ሰው ይሰጣል። እሱ አንድ ጊዜ ይጎነጭና የቀረውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ያፈሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ በስሙ ይጠራል። ጣሳው አንድ ነው፣ ስሙም አንድ ነው፤ ለሁለት ሰው አይሆንም።

በምረቃው ቀን ሦስቱም መጡ። ሁለቱን እኔ አመጣኋቸው፣ እልፍነሽ በአውቶቡስ መጣች። የፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ሰውም ካሜራና የፋብሪካው ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይዞ ደረሰ፤ ጣሳውን ይዞ ፎቶ መነሳት ፈለገ። ዘነቡ ያችን ዓረፍተ ነገር ከእልፍነሽ ሰምታታለች።

«ትንሽ ይቆዩ ጌታዬ፣ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልጋል» አለችው። ሕዝቡ ሳቀ፣ እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ተከራከሩ። እልፍነሽ ባትናገር ኖሮ መርዙን እየጠጣን ነበር አሉ ግማሾቹ፤ የቀጣችው ግን የእኛን ሴቶች ወገብ ነው አሏቸው ሌሎቹ። የይርዳው ጠርሙስ ባይኖር ቃሏ ቃል ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር ተባለ፤ ከጠርሙሶቹ ጋር ስድስት ዓመት የተኛውስ ማን ነው ተባለ። ውሃውን በእርግጥ ያመጡት ዶክተሩ ናቸው አሉ፤ ምን ሸጠው እንዳመጡት የታች መንደር ሰዎችን ጠይቁ አለ አንዱ። ሦስቱ መሬት መሬት እያዩ ተቀምጠዋል። አንዳቸውም ለእኔ ይገባኛል አላሉም፣ አንዳቸውም አይገባኝም አላሉም።

ዘነቡ ጣሳውን ሞልታ መሐላቸው ቆማ ነበር። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

«ጋሽ በላቸው፣ ሦስቱንም ሲያመላልሱ የኖሩት እርስዎ ነዎት። ልጄ ብትኖር ለእሷ ነበር የምሰጠው። አሁን ለማን ልስጥ?»

እኔ ሾፌር ነኝ አልኳት። ረቂቁን ስድስት ዓመት ወስጄ ያመጣሁት እኔ መሆኔን እያወቅሁ፣ ያን ብቻ አልኳት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ጉድጓዱ ዛሬ በማን ስም እንደሚጠራ አልነግራችሁም፤ ስሙን ስትሰሙ ማሰብ ታቆማላችሁ። ይልቅ እናንተ በዘነቡ ቦታ ሁኑ። ልጃችሁን ቀብራችኋል፣ ንጹሕ ውሃ የሞላ ጣሳ እጃችሁ ላይ ነው፣ ሦስቱ ሰዎች ፊታችሁ ተቀምጠዋል። ለማን ትሰጡታላችሁ?